ስክሪኑ 1024 በ768 ላይ ለቀረ የቤት ሰርቨር የትኛው መፍትሄ ይሻላል?

ከቢሮ የወጣ ዩዝድ ዴስክቶፕ፣ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተጫነበት፣ ሆዱ ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ፣ የካሜራ ቅጂ ወይም የሱቅ ሂሳብ ያለበት። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ «ሰርቨር» የሚባለው የቤት ማሽን ባመዛኙ ይኸው ነው። ለወራት ሳይነካ ይሠራል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ፊደሉን አግዝፎ፣ ምስሉን ጎትቶ ይነሳል፤ ወይም ከርቀት ሲገቡበት ከ1024 በ768 አልወጣም ይላል፤ ሲብስ ደግሞ ጭራሽ ጥቁር ነው።

መፍትሄ ጠፍቶ አይደለም። ሰውን የሚያሳስተው መፍትሄዎቹ የሚነኩት ቦታ የተለያየ መሆኑ ነው፦ አንዱ ገመዱን፣ አንዱ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት)፣ አንዱ ዴስክቶፑን ይነካል፤ አንዱ ደግሞ እውነተኛውን ስክሪን ትቶ ሌላ ይፈጥራል። ገመዱ የተበላሸበት ሰው ዴስክቶፑ ላይ ሲታገል ይውላል፤ ከርቀት ብቻ የሚገባው ደግሞ ማንም የማያየውን ስክሪን ሲያስተካክል ያመሻል።

እዚህ የምናወዳድረው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው በራሱ ይመለሳል ወይ? ይህን የማያሟላውን መፍትሄ ብለን አንቆጥረውም። ሁለተኛ፣ ስንት ዳታ ይበላል? በሞባይል ፓኬጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ሦስተኛ፣ ቢበላሽ ስክሪን ሳይኖር ወደነበረበት መመለስ ይቻላል?

ለቸኮለ ሰው ምርጫው እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ፋይል ማስቀመጫ ብቻ ከሆነ ስክሪኑን ትተው በኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያስገባው መንገድ) ይግቡ። ዴስክቶፕ የሚፈልጉት ከርቀት ከሆነ ኤክስአርዲፒ፣ ማለት የራሱን ስክሪን ፈጥሮ የሚያሳይ የርቀት መግቢያ ፕሮግራም። የግድ በኤኒዴስክ ወይም እውነተኛውን ስክሪን በሚቀዳ መሰሉ ፕሮግራም ከሆነ ዳሚ ፕለግ፣ ማለት ሞኒተር መስላ የምትሰካ ትንሽ መሰኪያ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን የሚያዩ ከሆነ መጀመሪያ ገመዱ፣ ከዚያ የከርነል መስመር፣ ማለት ማሽኑ ሲነሳ ለከርነሉ የሚሰጥ ትእዛዝ። ሪዞሉሽን የሚቀይረው ትእዛዝ ኤክስራንዳር ለሙከራ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። የቀረው ዝርዝር ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ኪቦርዱ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት

ሞኒተር ሲሰካ ስለራሱ የሚናገርባት አጭር መረጃ አለች፤ ኢዲአይዲ ትባላለች። መሠረቷ 128 ባይት ነው፤ የኤችዲኤምአይ ስክሪኖች ብዙ ጊዜ ሌላ 128 ጨምረው 256 ያደርሷታል። አምራቹ፣ ስክሪኑ የሚችላቸው ሪዞሉሽኖች፣ ከሁሉ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ሊኑክስ ይህችን ካላገኘ ስክሪኑ የማይችለውን ላለመላክ ሲል ጥንቁቁን ይይዛል፤ 1024 በ768 ከዚያ የመጣ ነው።

መብራት ሲመጣ ነገሩ የሚበላሸውም ለዚህ ነው። ሰርቨሩ ወዲያው ይነሳል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የቮልቴጅ መከላከያው እስኪከፍትለት ይዘገያል፤ ሞኒተሩም ማብሪያው እስኪነካ ይተኛል። አንዳንድ ስክሪን ጠፍቶም ኢዲአይዲውን ይሰጣል፤ መረጃዋን የያዘችው ትንሽ ቺፕ ከኮምፒውተሩ በሚመጣ 5 ቮልት ትነበባለችና። አንዳንዱ ደግሞ ሲተኛ መኖሩንም አያሳውቅም፤ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህ ይበዛል። ሰርቨሩ በጠየቀ ሰዓት መልስ ካልመጣ ዴስክቶፑ በግምት ተነስቶ እንደዚያው ይቀራል።

ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክ በኤስኤስኤች ገብተው ሦስት ነገር ይዩ። ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለው አፕ ይበቃል።

የመጀመሪያው /ፕሮክ/ሲኤምዲላይን የሚባለውን ፋይል ካት በሚባለው ትእዛዝ መክፈት ነው። ውስጡ ኖሞድሴት የሚል ቃል ካለ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ኡቡንቱ ሲጫን «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለው ከተመረጠ ይህ ቃል ተጭኖ ሊቀር ይችላል። እሱ ባለበት የግራፊክስ ሾፌሩ ሥራውን አይጀምርም፤ ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ በሰጠው አንድ ሪዞሉሽን ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢሠሩ አይለወጥም። ሊኑክስን የሚያስነሳው የግሩብ ሰቲንግ በሆነው /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ ውስጥ ቃሉን አጥፍተው አፕዴት-ግሩብ ማዘዝና ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ነው።

ሁለተኛው ኤልኤስፒሲአይ በሰረዝ ኬ ነው። በግራፊክስ ካርዱ ስር ሾፌሩ ይጻፋል፦ ለኢንቴል አይ915፣ ለኤኤምዲ ራዲዮን ወይም ኤኤምዲጂፒዩ፣ ለኤንቪዲያ ኑቮ ወይም የኩባንያው የራሱ። የኤኤምዲ ካርድ ኖሮ ሾፌሩ ካልተነሳ ፈርምዌሩ (ካርዱ ለመነሳት የሚፈልገው ፋይል) ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ዴቢያን እስከ 11 ድረስ ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር በመደበኛው መጫኛው ውስጥ አልነበረም፤ በ2023 በወጣው በ12 ነው የገባው። የቆየ መጫኛ የተጠቀመ ሰው መጀመሪያ በአፕት ምንጮች ዝርዝር ውስጥ ነፃ ያልሆነውን ክፍል (በ11 ኖን-ፍሪ፣ በ12 ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር) ከፍቶ አፕት አፕዴት ይዘዝ፤ ከዚያ ፈርምዌር-ኤኤምዲ-ግራፊክስ የሚለውን ፓኬጅ ይጫን።

ሦስተኛው /ሲስ/ክላስ/ዲአርኤም ነው። እዚያ እያንዳንዱ የስክሪን ሶኬት የራሱ ፎልደር አለው፤ ለምሳሌ ካርድ0-ኤችዲኤምአይ-ኤ-1። ስታተስ የሚለው ፋይል መሰካት አለመሰካቱን፣ ሞድስ የሚለው የተገኙትን ሪዞሉሽኖች፣ ኢዲአይዲ የሚለው መረጃዋን ይይዛል። ልብ ይበሉ፦ ኤልኤስ ሰረዝ ኤል ሲያዝዙ የኢዲአይዲ ፋይሉ መጠን ሁልጊዜ 0 ይላል፤ ይህ የከርነል ፋይሎች ጠባይ እንጂ ባዶ መሆን አይደለም። ትክክለኛውን ለማወቅ በካት ከፍተው በቋሚ መስመር (|) ባይት ወደሚቆጥረው ደብልዩሲ ሰረዝ ሲ ያስተላልፉት። 128 ወይም 256 ካለ ስክሪኑ ተናግሯል፤ ጥፋቱ ዴስክቶፑ ጋ ነው። 0 ካለ ወይ ገመዱ ወይ ስክሪኑ ዝም ብሏል። ዲሜሴጅ በሚያሳየው የከርነል መዝገብ ውስጥ ስለ ኢዲአይዲ ቼክሰም ስህተት ከተጻፈ ደግሞ መረጃዋ መጥታለች፤ መንገድ ላይ ግን ተበላሽታለች፤ አጭር ገመድ ይሞክሩ።

ገመዱ

ከሁሉ ርካሹ ይህ ስለሆነ ቀድሞ መጣራት አለበት። የቪጂኤ ገመድ 15 ፒን አለው፤ ስክሪኑ ስለራሱ የሚናገረው በ12ኛውና በ15ኛው ነው። ርካሽ ገመዶች ላይ እነዚህ ሁለቱ ጭራሽ ሳይገጠሙ ይቀራሉ፤ ወይ ሲሰካ ታጥፈዋል። ምስሉ ሙሉ ቀለም ሆኖ ይመጣል፤ ሪዞሉሽኑ ብቻ አልወጣም ይላል። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት። 9ኛው ፒን ጎድሎ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ እሱ በብዙ ገመድ ላይ አይኖርም። ሞኒተሩ መብራት እያለው ሥራው አይቋረጥም፤ ሞኒተሩ ሲጠፋ ግን መረጃዋን ለማንበብ የሚያስፈልገው 5 ቮልት የሚያልፈው በእሱ ነው።

ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ለመለወጥ ውስጡ ቺፕ ያለው አዳፕተር ያስፈልጋል። በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ቪጂኤ ሆኖ መሐሉ ላይ ምንም የሌለው ቀጭን ገመድ ከኮምፒውተር ወደ ሞኒተር አይሠራም፤ አንዱ ዲጂታል፣ ሌላው አናሎግ ነው። አንድ ሞኒተር ለሁለት ኮምፒውተር የሚያካፍሉ ማብሪያዎችም የኢዲአይዲን መስመር የሚያቋርጡ አሉና ችግሩ እነሱን ካስገቡ በኋላ ከመጣ አውጥተው በቀጥታ ይሞክሩ።

ስክሪኑን ጭራሽ መተው

ፋይል ለማስቀመጥ፣ ፊልም ለማጋራት፣ የካሜራ ቅጂ ለመያዝ ዴስክቶፕ አያስፈልግም። ሲስተምሲቲኤል ሰት-ዲፎልት መልቲ-ዩዘር.ታርጌት ብለው ቢያስነሱት ማሽኑ ያለ ዴስክቶፕ ይነሳል፤ 4 ጊጋባይት ራም ላለው አሮጌ ማሽን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መልሶ ለማምጣት ግራፊካል.ታርጌት ማለት ነው። ጥቁር መስኮት ለሚያስፈራው ሰው ኮክፒት አለ፤ ከጫኑት በኋላ በብራውዘር የሰርቨሩን አድራሻና 9090 የሚለውን ፖርት ሲጽፉ ዲስኩን፣ ራሙን፣ አገልግሎቶቹን ያሳያል።

በሦስቱ መስፈርት የሚበልጠው የለም፦ መብራት ቢሄድ ቢመጣ የሚበላሽ ስክሪን የለውም፤ የሚወርደው ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ መመለሻው አንድ መስመር። ዴስክቶፕ የግድ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆኑ እዚህ ላይ ያቁሙ። ማንበቡን ማለታችን ነው።

ከርቀት ዴስክቶፕ፦ እውነተኛውን ስክሪን ማየት ወይስ አዲስ መፍጠር

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የርቀት ፕሮግራሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። ኤኒዴስክ፣ ራስትዴስክ፣ ቲምቪወርና ኤክስ11ቪኤንሲ ካርዱ ላይ ያለውን እውነተኛ ስክሪን ቀድተው ነው የሚልኩት። ሞኒተር ካልተሰካ የሚቀዱት ያንኑ 1024 በ768 ወይም ጥቁሩን ነው፤ የእነሱን ሰቲንግ ቢያገላብጡ ለውጥ የለም። ኤክስአርዲፒና ታይገርቪኤንሲ ግን ካርዱን ትተው በማስታወሻ ውስጥ የራሳቸውን ስክሪን ይፈጥራሉ፤ መጠኑን የሚወስነው ጠያቂው ነው።

ለቤት ሰርቨር የምንመርጠው ኤክስአርዲፒን ነው። ከዊንዶውስ ላፕቶፕ ምንም ሳይጫን በሪሞት ዴስክቶፕ ይገባበታል፤ መጠኑንም በዲስፕሌይ ክፍሉ ላይ ይመርጣሉ። በደካማ ኢንተርኔትም ከቪኤንሲ የተሻለ ሆኖ ይሰማል። አጫጫኑ አጭር ነው፦ ኤክስአርዲፒን በአፕት ይጫኑ፤ ኤክስአርዲፒ የሚባለውን ተጠቃሚ ኤስኤስኤል-ሰርት በሚባለው ግሩፕ ውስጥ ያስገቡ፤ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላል ዴስክቶፕ ከጫኑ በቤት ፎልደርዎ ውስጥ ነጥብ-ኤክስሴሽን የሚል ፋይል ፈጥረው ኤክስኤፍሲኢ4-ሴሽን የሚል አንድ መስመር ይጻፉበት። ፖርቱ 3389 ነው።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው፣ ያው ተጠቃሚ ሰርቨሩ ላይ በአካል ገብቶ ከሆነ ከርቀት ሲገባ ጥቁር ስክሪን ይመጣል፤ ወይ እዚያ ሎግ አውት ማድረግ፣ ወይ ለርቀት ሌላ ተጠቃሚ መክፈት ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ በራሱ ሎግ ኢን እንዲያደርግ ከተደረገ ይህ ጥቁር ስክሪን ሁልጊዜ ይገጥምዎታል። ሁለተኛው፣ ኡቡንቱ 24.04 ኖም 46 የሚባለውን ዴስክቶፕ ስለያዘ የራሱ የርቀት መግቢያ አለው፤ እሱም ያንኑ 3389 ይፈልጋል። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑምና አንዱን ይዝጉ። ኖምን የሚጠቀም ሰው የራሱን ቢከፍት ይሻለዋል፤ ሌላ ምንም መጫን አይጠበቅበትም።

ታይገርቪኤንሲ የሚሻለው ስልኩ ወይም ታብሌቱ ላይ የቪኤንሲ አፕ ለለመደ ሰው ነው። ቪኤንሲሰርቨር ብለው ጂኦሜትሪ በሚለው ምርጫ 1600 በ900 ቢሰጡት ያንኑ ይፈጥራል፤ የመጀመሪያው ስክሪን በ5901፣ ሁለተኛው በ5902 ይገኛል። ሰርቨሩ ሲነሳ በራሱ እንዲነሳ ግን አገልግሎቶችን በሚያስነሳው ሲስተምዲ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ኤክስአርዲፒ ይህን ከተጫነ ጀምሮ አብሮት ያመጣዋል። ለእኛ የመብራት ጉዳይ ክርክሩን የሚዘጋው ይኸው ነው።

የዳታው ጉዳይ፦ ኤክስአርዲፒ ራሱ ትንሽ ነው። ያለ ዴስክቶፕ የተጫነ ሰርቨር ላይ ግን ዴስክቶፕ መጨመር አለበት፤ ኤክስኤፍሲኢ በመቶዎች ሜጋባይት ይወርዳል፤ የኡቡንቱ ሙሉው ዴስክቶፕ ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ፓኬጅ ቆጥቦ ለሚኖር ሰው ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ። ሁለቱንም ፖርቶች በቀጥታ ለኢንተርኔት አይክፈቱ፤ አዲስ አበባ ሆነው ደብረ ሲና ያለውን ቤት የሚገቡ ከሆነ በኤስኤስኤች ታነል (በተመሰጠረ መስመር) ውስጥ ያሳልፉት።

ዳሚ ፕለግ ወይስ የከርነል መስመር

እውነተኛው ስክሪን የግድ ሲሆን፣ ማለት ኤኒዴስክ ሲጠቀሙ፣ በግራፊክስ ካርዱ ቪዲዮ ሲያዘጋጁ ወይም ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ ተሰክቶ ሲኖር፣ ምርጫው ወደ እነዚህ ሁለቱ ይጠባል።

ዳሚ ፕለግ የጣት ጫፍ የምታህል የኤችዲኤምአይ ወይም የዲስፕሌይፖርት መሰኪያ ናት። ውስጧ የኢዲአይዲ ቺፕ ብቻ አለ፤ ለሰርቨሩ «ሞኒተር ነኝ» ትለዋለች። የምትፈልገውን 5 ቮልት ከሶኬቱ ትወስዳለች። የሚጫን ነገር የለም፤ ዳታ አትበላም፤ መብራት ቢመላለስም አትረሳም። ኤስኤስኤች ሲሉት የሚደነግጥ ሰው ቤት ላለ ሰርቨር ይህች ትሻላለች፤ በስልክ «የቱን ልንቀል?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አይኖርምና። ከተማው ሱቅ ውስጥ ካልተገኘች ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ማስላክ ይቻላል፤ ክብደትም ቦታም የላትም።

ስትገዙ ግን ጥያቄ አለ። በገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ 4ኬ ነን የሚሉ ናቸው፤ ከሁሉ የሚስማማኝ ብለው የሚያስቀድሙት 3840 በ2160 ነው። አሮጌ ኢንቴል ግራፊክስ ይህን በ30 ኸርዝ ብቻ ቢሰጥ ነው፤ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል፤ ከርቀት የሚላከው ምስልም ከ1920 በ1080 አራት እጥፍ ፒክስል አለው። 1080 የሚለውን ይጠይቁ፤ ከሌለ 4ኬውን ገዝተው በዴስክቶፑ ሰቲንግ ወደ 1920 በ1080 ያውርዱት። ሌላው ጣጣ፣ ፕለጓ ከእውነተኛ ሞኒተር ጋር አብራ ስትሰካ ሊኑክስ ሁለት ስክሪን አለኝ ይላል፤ የመግቢያው መስኮት በማይታየው ላይ ሊወጣ ይችላል። ማሽኑን በአካል ለመጠገን ሲቀመጡ መጀመሪያ እሷን ይንቀሉ።

ቪጂኤ ብቻ ላለው አሮጌ ማሽን ብየዳ የሚችል ሰው በሦስት 75 ኦም ሬዚስተር ተመሳሳይ ነገር መሥራት ይችላል፦ 1ኛውን ፒን ከ6ኛው፣ 2ኛውን ከ7ኛው፣ 3ኛውን ከ8ኛው ጋር ያገናኟቸዋል። ካርዱ ሞኒተር ተሰካ ብሎ ያምናል። ኢዲአይዲ ግን የለችምና ብቻውን 1024 በ768ን አይሻገርም፤ ከታች ያለው የከርነል መስመር መጨመር አለበት። ያን ያህል ከተደከመ መስመሩ ብቻውን ያለ ሬዚስተርም ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሬዚስተሩን የምንመክረው ለአስቸጋሪ ካርድ ብቻ ነው።

የከርነል መስመሩ በነፃ ነው፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። አፃፃፉ ይህ ነው፦ ቪዲዮ የሚለው ቃል፣ የእኩል ምልክት፣ የሶኬቱ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ 1920፣ ትንሹ ኤክስ ፊደል፣ 1080፣ የአት ምልክት (@)፣ 60፣ መጨረሻ ላይ ትንሹ ኢ። መሐሉ ላይ ክፍተት አይኖርም። ትንሹ ኢ «ሞኒተር ባይኖርም እንዳለ ቁጠር» ማለት ነው። በእሱ ፈንታ ትልቁ ዲ ሲጻፍ የሶኬቱን ዲጂታል መውጫ በግድ ይከፍታል። ትንሹ ዲ ግን ሶኬቱን ይዘጋል። በአንድ ፊደል ትልቅና ትንሽ ምክንያት ስክሪኑን አጥፍቶ የሚደናገጥ ሰው አይጠፋምና ሁለቴ ይዩት።

ሁለተኛው ወጥመድ የሶኬቱ ስም ነው። ከርነሉ ኤችዲኤምአይ-ኤ-1 የሚለውን ኤክስራንዳር ኤችዲኤምአይ-1 ብሎ ይጠራዋል። መስመሩ የሚፈልገው የከርነሉን ነው፤ ከ/ሲስ/ክላስ/ዲአርኤም ላይ ካርድ0 የሚለውን ቆርጠው የቀረውን ይውሰዱ።

አገባቡ፦ በመጀመሪያ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብን ይቅዱ። ከዚያ በናኖ ከፍተው ግሩብ_ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ_ዲፎልት በሚለው መስመር ጥቅሱ ውስጥ፣ ካሉት ቃላት በኋላ ክፍተት ሰጥተው ይጨምሩት። አፕዴት-ግሩብ ብለው ያስነሱ። ከመጀመርዎ በፊት ኤስኤስኤች መሥራቱን ከስልክ ያረጋግጡ፤ ስክሪኑ ቢጠፋ እንኳ ኔትዎርኩ ስለማይነካ በዚያው ገብተው ቅጂውን ይመልሳሉ። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ዴስክቶፑ አዲሱን መጠን በዝርዝሩ ውስጥ ያገኘዋል፤ በራሱ ካልመረጠው በሰቲንግ አንድ ጊዜ ይምረጡለት።

ራስበሪ ፓይ ያለው ሰው ግሩብ የለውም። በዴቢያን 12 ላይ ከተመሠረተው ቡክዎርም ጀምሮ መስመሩ የሚገባው /ቡት/ፈርምዌር ውስጥ ባለው ሲኤምዲላይን.ቲኤክስቲ ነው፤ ያ ፋይል በሙሉ አንድ መስመር ሆኖ መቆየት አለበት፤ ኢንተር ከተመታ ፓዩ ላይነሳ ይችላል። በአሮጌ ጽሑፎች የሚገኘው ኤችዲኤምአይ_ፎርስ_ሆትፕለግ እና ኤችዲኤምአይ_ሞድ በአዲሱ ሾፌር ላይ ሰሚ የለውም።

መስመሩ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ኤኒዴስክ ወይም ዴስክቶፑ ሙሉ ኢዲአይዲ ካላየ የሚያስቸግር ከሆነ መረጃዋን በፋይል መስጠት ይቻላል። የሚሠራ ሞኒተር ለአፍታ ተውሰው ይሰኩ፤ በካት የኢዲአይዲ ፋይሉን ቀድተው /ሊብ/ፈርምዌር ውስጥ ኢዲአይዲ በሚባል ፎልደር ያስቀምጡት፤ መጠኑ 128 ወይም 256 መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ዲአርኤም.ኢዲአይዲ_ፈርምዌር፣ እኩል ምልክት፣ የሶኬቱ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ኢዲአይዲ/የፋይሉ ስም ብለው ከላይኛው የቪዲዮ መስመር ጎን ይጨምሩ፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። ዲሜሴጅ ላይ ስህተት -2 ከመጣ ሾፌሩ ዲስኩ ሳይከፈት ቀድሞ ተነስቶ ፋይሉን አላገኘውም ማለት ነው። ፋይሉ ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት በሚነሳው ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ እንዲገባ፣ /ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ሁክስ ውስጥ ፋይሉን የሚቀዳ አጭር ስክሪፕት አስቀምጠው አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ በሰረዝ ዩ ማዘዝ ይፈታዋል።

እንግዲህ የቱ? ኤስኤስኤች የሚችል ሰው በመስመሩ ይጀምር፤ ካልሆነለት ፕለጓን ይግዛ። የኤንቪዲያ ካርድ በኩባንያው ሾፌር የሚያሠራ ሰው ግን በቀጥታ ፕለጓን ይውሰድ፤ ያ ሾፌር በእነዚህ የከርነል መስመሮች ላይ የራሱ ጠባይ አለው።

ሁለቱም ቢሆኑ ማሽኑ በራሱ ካልተነሳ ዋጋ የላቸውም። ባዮስ ውስጥ ገብተው መብራት ሲመጣ እንዲነሳ ያድርጉ፤ ዴል ላይ ኤሲ ሪከቨሪ፣ ኤችፒ ላይ አፍተር ፓወር ሎስ ይባላል። ኪቦርድ ሳይሰካ የሚቆም ከሆነ የኪቦርድ ስህተት ማሳወቂያውን ያጥፉ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች፤ ይቀይሯት።

ኤክስራንዳር ለምን በመጨረሻ መጣ

ስለ ሊኑክስ ስክሪን የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ይህ ነው። ሲቪቲ 1920 1080 60 ሲባል የሚከተለው ሞድላይን (የስክሪን ልኬት መስመር) ይወጣል፦ 173.00፣ ከዚያ 1920 2048 2248 2576፣ ከዚያ 1080 1083 1088 1120፣ መጨረሻ ላይ ማይነስ ኤችሲንክ ፕላስ ቪሲንክ። ያንን በኤክስራንዳር ኒውሞድ መመዝገብ፣ በአድሞድ ለሶኬቱ መስጠት፣ በአውትፑትና ሞድ መቀየር ነው። በደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ ሎግ አውት ሲሉ ይጠፋል። እንዲቆይ ከተፈለገ ሦስቱን መስመሮች በቤት ፎልደር ውስጥ ነጥብ-ኤክስፕሮፋይል በሚባል ፋይል፣ ወይም ሞድላይኑን በ/ኢቲሲ/ኤክስ11/ኤክስኦርግ.ኮንፍ.ዲ ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል።

ዋናው ድካሙ ግን በዌይላንድ ላይ ነው፤ ዌይላንድ ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው አዲሱ ሥርዓት ነው፣ ኤክስ11 ደግሞ የቀድሞው። የዛሬ ኡቡንቱና ዴቢያን ኖም በዌይላንድ ስለሚነሳ ኤክስራንዳር ቢያሳይም አይቀይርም። ኢኮ ብለው ኤክስዲጂ_ሴሽን_ታይፕ የሚለውን ተለዋዋጭ በዶላር ምልክት ቢጠይቁ የትኛው ላይ እንዳሉ ይነግርዎታል። ወደ ኤክስ11 ለመመለስ የመግቢያው ገጽ ላይ ያለችውን ጥርሳም ምልክት መጠቀም፣ ወይም ጂዲኤም3 ኮንፊግ ውስጥ ዌይላንድኢኔብልን ፎልስ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሲስተሙ የኤክስ11 ሴሽን አሁንም ከያዘ ነው።

የሚጠቅምበት አንድ ቦታ ግን እውነተኛ ነው፦ የከርነል መስመሩን ከመጻፍዎ በፊት ስክሪኑ የሚችለውን መሞከር። 1366 በ768 የሆነ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሲቪቲ ስፋቱን ለ8 ወደሚካፈል ቁጥር ስለሚያጠጋጋ 1368 ይሰጣል፤ ቴሌቪዥኑም ጠርዙን ይቆርጣል ወይም አልቀበልም ይላል። 1360 በ768ን ይሞክሩ፤ የብዙ ቴሌቪዥን የፒሲ መግቢያ ይህን ይቀበላል፤ የሚጎድለው ስድስት ፒክስል ዐይን አያስተውለውም።

ቴሌቪዥኑ ጠርዙን ሲበላ

ሪዞሉሽኑ 1920 በ1080 ሆኖ የላይኛው አሞሌ ግማሹ ከተቆረጠ ሊኑክስ ላይ ምንም አይንኩ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ትንሽ አስፍቶ እያሳየ ነው። የስዕል መጠን በሚለው ሜኑ ውስጥ ኤልጂ ላይ ጀስት ስካን፣ ሳምሰንግ ላይ ስክሪን ፊት፣ ሶኒ ላይ ፉል ፒክስል ይምረጡ። አንዳንዱ ቴሌቪዥን ይህን ምርጫ የሚያወጣው የኤችዲኤምአይ መግቢያው ስም ፒሲ ተብሎ ሲቀየር ነው። ሜኑው ጭራሽ ከሌለውና ካርዱ ኤኤምዲ ከሆነ፣ በኤክስ11 ላይ በኤክስራንዳር ሰት አንደርስካን ኦን ማለት ይቻላል።

ዴስክቶፕ የሌለው ሰርቨር ከትልቅ ስክሪን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ፊደሉ ደቆ አይነበብም። ሪዞሉሽኑን ለማውረድ አይሞክሩ፤ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሰትአፕ ብለው ተርሚነስ የሚለውን ፊደል በ16 በ32 መጠን ይምረጡ። ዳግም ማስነሳት አያስፈልገውም።